የፐርፎርማንስ ሞተር ካርቡራተር ማስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካምሻፍት ቀይራችሁ፣ ማኒፎልድ ቀይራችሁ፣ ትልቅ ካርቡራተር ጭናችሁ መኪናው ግን ከድሮው ብሶ ሲያስቸግር የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ምሳሌዎቹ ዌበር፣ ሆሊ፣ ኤደልብሮክ እና ኤስዩ ላይ ናቸው፣ አሠራሩ ግን ለሌላውም ይሆናል። ሪች ስል ነዳጅ የበዛበት፣ ሊን ስል ነዳጅ ያነሰው ማለቴ ነው። ጄት ነዳጅ ወይ አየር ተለክቶ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው፣ ስሮትል ፔዳሉ የሚከፍተው የአየር በር ነው፣ ሚኒሞ ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ ሲዞር ነው፣ ሙሉ ጋዝ ደሞ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ።

ከየት ልጀምር? ዋናውን ጄት ላሳድገው?

እባካችሁ ከዛ አትጀምሩ። የሁሉም ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ዋናው ጄት ላይ ነው፣ ግን ተራ መንገድ ላይ ስትነዱ ሞተሩ አብዛኛውን ነዳጅ የሚያገኘው ከሚኒሞው መስመር እና ከሚኒሞ ወደ ዋናው ከሚያሸጋግሩት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው፣ ዋናው ጄት በደንብ ሥራ የሚጀምረው ስሮትሉ ሰፋ ብሎ ሲከፈት ነው። ስለዚ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ለሚንገጫገጭ መኪና ዋና ጄት ማሳደግ ምንም አይፈይድም፣ እንደውም ስሮትሉ ሰፋ ብሎ ሲከፈት ነዳጅ ያበዛና ሌላ ችግር ይጨምርላችኋል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሞተሩ ጤና እና እሳቱ፣ ከዛ የነዳጅ ግፊት እና የፍሎት (ካርቡራተሩ ውስጥ የነዳጁን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ) ልክ፣ ከዛ ሚኒሞ፣ ከዛ መሸጋገሪያው፣ ከዛ አክሰለሬተር ፓምፑ፣ መጨረሻ ላይ ዋናው ጄት እና ሙሉ ጋዝ። የቀደመው ሳይስተካከል የሚቀጥለውን ከነካችሁ ተመልሳችሁ ሁሉንም እንደገና መንካት ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም አንዱ መስመር ሥራውን ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል፣ ይደራረባሉ።

ችግሩ የካርቡራተሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ካርቡራተር ብዙ ጊዜ በሌላው ጥፋት ይታማል። ካንዴላ ያረጀ፣ ታይሚንግ (እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ) የዘገየ፣ ቫልቭ ክፍተቱ የጠበበ፣ የካንዴላ ካቦ ያለቀበት ሞተር ልክ ካርቡራተሩ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ስለዚ ኮምፕሬሽን ለኩ፣ ቫልቭ ክፍተት እዩ፣ ታይሚንጉን በታይሚንግ ላይት አረጋግጡ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው አድቫንስ (እሳቱን የሚያስቀድመው) ሳይያዝ መንቀሳቀሱን ቼክ አድርጉ።

ቀጥሎ አየር የሚያስገባ ቦታ ፈልጉ። በካርቡራተሩ እና በማኒፎልዱ መሀል ያለው ጋስኬት፣ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማ፣ የብሬክ ቡስተር መስመር፣ ያለቀ የስሮትል ዘንግ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ በመርጫ ትንሽ ውሃ መጋጠሚያዎቹ ላይ አርከፍክፉ፣ ድምፁ ከተቀየረ እዛ ጋ ነው። የሚቀጣጠል ነገር በጋለ ማርሚታ አጠገብ የሚረጩ ሰዎች አሉ፣ ባታደርጉት ይሻላል።

የነዳጅ ግፊቱን ደሞ በጌጅ ለኩ፣ በግምት አይሆንም። ሆሊ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ ይችላል፣ ዲሲኦኢ የሚባለው ዌበር ግን ከ2.5 እስከ 3.5 ፒኤስአይ ነው የሚፈልገው። የኤሌክትሪክ ፓምፕ በቀጥታ ዌበር ላይ ገጥማችሁ ከሆነ ግፊቱ የነዳጅ መግቢያውን የሚዘጋውን ኒድል ቫልቭ አሸንፎ ነዳጅ ያጥለቀልቃል፣ እናንተ ደሞ ሪች ነው ብላችሁ ጄት ስትቀንሱ ትውላላችሁ። ሬጉሌተር አስገቡ፣ ከሬጉሌተሩ በኋላ ጌጅ አስገቡ፣ ከዛ የፍሎቱን ልክ በካርቡራተሩ መመሪያ መሠረት አስተካክሉ። ፍሎቱ ሲቀየር ከሚኒሞ እስከ ሙሉ ጋዝ ሁሉም ነገር አብሮ ይቀየራል።

ካርቡራተሩ ለሞተሩ ትልቅ ይሆን?

ለአንድ ባለ አራት በርሜል (አራት የአየር ማለፊያ ያለው) ካርቡራተር ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የሞተሩን ሊትር በከፍተኛው አርፒኤም (በደቂቃ ዙር) አባዙ፣ በ56.6 አካፍሉ፣ ከዛ በሞተሩ የመሙላት አቅም አባዙ። 5.7 ሊትር ሞተር እስከ 6500 አርፒኤም የሚሄድ ከሆነ 655 ሲኤፍኤም (በደቂቃ የሚያልፈው አየር በኪዩቢክ ጫማ) አካባቢ ይመጣል፣ ለመንገድ መኪና የመሙላት አቅሙን 85 በመቶ ብትወስዱ 556 ገደማ ነው። ማለትም 600 የሚለው ይበቃዋል፣ 650ም ጥሩ ነው፣ 850 የጫነ ሰው ግን ታች ላይ ጉልበት ያጣል። ትልቅ ቬንቹሪ (የበርሜሉ ጠበብ ያለ ቦታ) ውስጥ አየሩ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ነዳጁን የሚስበው ደሞ የአየሩ ፍጥነት የሚፈጥረው የግፊት ልዩነት ነው፣ ፍጥነት ከሌለ ስበቱ ይደክማል፣ ነዳጁም በደንብ ሳይበተን በጠብታ ይገባል።

ይሄ ሒሳብ ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ በርሜል ላለው የዌበር አሠራር አይሠራም። እዛ አንዱ በርሜል የሚመግበው አንድ ሲሊንደር ብቻ ስለሆነ አየሩ የሚመጣው ቆረጥ ቆረጥ እያለ ነው፣ ስለዚ ሰፋ ያለ ቬንቹሪ ይፈልጋል።

ሚኒሞው አልስተካከል አለኝ፣ የሚክስቸር (የአየርና ነዳጅ ድብልቅ) ብሎኑን ባዞረውም ለውጥ የለም

ይሄ በጣም የሚመጣ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ስሮትሉ ከልክ በላይ ተከፍቶ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ትልቅ ካምሻፍት ያለው ሞተር ሚኒሞ ላይ ቫኪዩሙ ዝቅተኛ ነው፣ ስለዚ እንዳይጠፋ ብላችሁ የሚኒሞ ብሎኑን ትጠመዝዛላችሁ፣ ስሮትሉ ይከፈታል፣ ከስሮትሉ ጠርዝ በላይ የነበረው የመሸጋገሪያው ስንጥቅ አብሮ ይከፈትና ነዳጁ በእሱ በኩል መውጣት ይጀምራል። አሁን ሞተሩ የሚበላው ከስንጥቁ ነው፣ የሚክስቸር ብሎኑ ደሞ ሥራ አጥቷል፣ ብታጠብቁት እንኳ ሞተሩ አይጠፋም። በዛ ላይ ትንሽ ጋዝ ስትሰጡ ለመሸጋገሪያ ተብሎ የተቀመጠው ነዳጅ ቀድሞ ስላለቀ ሞተሩ ክፍተት ውስጥ ይወድቃል፣ ያ ነው "ሲነሳ ይሞታል" የምትሉት።

ሆሊ ላይ ካርቡራተሩን አውልቃችሁ ገልብጡትና ከሥር እዩት። ስሮትሉ ሚኒሞ ቦታው ላይ ሲሆን ከስንጥቁ የሚታየው ክፍል ትንሽ ካሬ መምሰል አለበት፣ ርዝመቱ ከወርዱ ጋ እኩል ገደማ። ቁመቱ ረዝሞ አራት ማዕዘን ከሆነ ብዙ ተከፍቷል ማለት ነው። ካሬ እስኪሆን የሚኒሞ ብሎኑን መልሱ፣ የሚክስቸር ብሎኖቹን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻ ካስገባችሁ በኋላ ሁሉንም እኩል አንድ ዙር ተኩል አውጡ፣ ከዛ አስነሱ። በኃይል አታጥብቁ፣ የብሎኑ ሹል ጫፍ ከተቀጠቀጠ ድጋሚ በትክክል አይስተካከልም።

"እንደዛ ካደረኩት ይጠፋል" ከሆነ የጎደለው አየር ነው፣ አየሩን በሌላ መንገድ ስጡት። መጀመሪያ ታይሚንጉን ትንሽ አስቀድሙ፣ ትልቅ ካምሻፍት ያለው ሞተር ሚኒሞ ላይ ከፋብሪካው ልክ በላይ አድቫንስ ይወዳል፣ ይሄ ብቻውን አርፒኤሙን ከፍ ያደርገውና ስሮትሉን እንድትዘጉት ይፈቅድላችኋል። ጠቅላላው አድቫንስ ግን አብሮ ከልክ እንዳያልፍ ተመልከቱ። ያ ካልበቃ የኋለኞቹን ስሮትሎች በራሳቸው ብሎን በጣም ትንሽ ክፈቱ። ስሮትሉን መብሳት የመጨረሻ ምርጫ ነው፣ ምክንያቱም መመለሻ የለውም።

ከዛ ቫኪዩም ጌጅ ግጠሙና አንዱን ሚክስቸር ብሎን ሩብ ዙር፣ ሌላውንም ሩብ ዙር እያላችሁ ጌጁ ከፍተኛውን እስኪያሳይ ሂዱ፣ አርፒኤሙ ከወጣ በሚኒሞ ብሎኑ መልሱት፣ እንደገና ሞክሩ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ መሆን አለበት፣ ቾኩም ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ። የፋብሪካ ካም ያለው ሞተር ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳያል፣ ትልቅ ካም ያለው 10 አካባቢ ቢያሳይ አትደንግጡ።

ዌበር ላይ በምን ቁጥር ልጀምር?

መነሻ ሕግ አለው፣ እሱን ያዙ። የቬንቹሪውን ሚሊሜትር በ4 አባዙ፣ ዋናው ጄት ይመጣል። በዛ ላይ 50 ደምሩ፣ የአየሩ ጄት ይመጣል። 36 ሚሊሜትር ቬንቹሪ ከሆነ 36 በ4 ማለት 144 ነው፣ ስለዚ 145 ዋና ጄት እና 195 የአየር ጄት። የዌበር ቁጥር ቀዳዳውን በቀጥታ ነው የሚናገረው፣ 145 ማለት 1.45 ሚሊሜትር ነው። ለአንድ ሲሊንደር ከ350 እስከ 475 ሲሲ ከሆነ ኢመልሽን ቲዩቡ (ነዳጁን ከአየር የሚያደባልቀው ባለ ቀዳዳ ቱቦ) ኤፍ16 ጥሩ መነሻ ነው። ይሄ ሁሉ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም።

ዋናው ጄት ሙሉውን መስመር ከታች እስከ ላይ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ የአየሩ ጄት ደሞ የላይኛውን አርፒኤም ነው በብዛት የሚነካው። መኪናው 4000 ላይ ጥሩ ሆኖ 6500 ላይ ሪች ከሆነ ዋናውን አትንኩት፣ የአየር ጄቱን አሳድጉ፣ አየር ሲበዛ ሊን ይሆናል።

የሚኒሞው ጄት ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ነው። ዌበር ያለው መኪና ቀስ ብሎ ሲነዳ እስከ 3000 አርፒኤም ድረስ የሚሄደው በሱ ነው፣ በለሰለሰ እግር ስትነዱ የሚንቀጠቀጥና በካርቡራተሩ በኩል ጢስ ጢስ እያለ የሚተነፍስ ከሆነ የሚኒሞው ጄት ሊን ነው። ቁጥሩ ሁለት ክፍል አለው፣ ለምሳሌ 50ኤፍ8፣ 50ው የነዳጁ ቀዳዳ ነው፣ ኤፍ8 የሚለው የአየሩን ነው የሚናገረው፣ ቁጥሮቹ ደሞ ቅደም ተከተል የላቸውም። ኤፍ9 ከኤፍ8 ሪች ነው። መጀመሪያ ነዳጁን ከ50 ወደ 55 ሞክሩ፣ ትንሽ ማስተካከያ ከፈለጋችሁ በአየሩ ኮድ ሂዱ። ፍንጭ ከፈለጋችሁ የሚክስቸር ብሎኑ ይናገራል፦ ሞተሩ ጥሩ የሚሆነው ብሎኑ ሊዘጋ ሲል ከሆነ ጄቱ ትልቅ ነው፣ እያወጣችሁት እያወጣችሁት አሁንም ተጨማሪ ከፈለገ ጄቱ ትንሽ ነው።

እና ከዚህ ሁሉ በፊት በርሜሎቹ እኩል አየር መሳባቸውን በሲንክሮሜትር ለኩ። የማያያዣውን ዘንግ ፍቱ፣ ካርቡራተሮቹን ለየብቻ አስተካክሉ፣ ከዛ ዘንጉን ስትመልሱ ንባቡ እንዳልተቀየረ እዩ። ዘንጉ ራሱ አንዱን ካርቡራተር ትንሽ ይዞ የሚከፍትበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ያኔ ጄት ብትቀይሩም ባትቀይሩም ሞተሩ አይረጋም።

ድንገት ጋዝ ስሰጠው ይታነቃል፣ ምንድነው?

ስሮትሉ ባንዴ ሲከፈት አየሩ ወዲያው ይገባል፣ ነዳጁ ግን ከባድ ስለሆነ ይዘገያል፣ ክፍተቱን የሚሞላው አክሰለሬተር ፓምፑ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ወደ ካርቡራተሩ ውስጥ በባትሪ መብራት እያያችሁ ስሮትሉን በጣት ንኩት፣ ገና ሲንቀሳቀስ ጠንካራ ቀጭን ነዳጅ ካልተረጨ ችግሩ እዛ ነው። ሆሊ ላይ የፓምፑ ክንድ ሚኒሞ ላይ ሆኖ ምንም ልል መሆን የለበትም፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ደሞ 0.015 ኢንች ማለትም 0.4 ሚሊሜትር ገደማ መቅረት አለበት። እሱ ልክ ከሆነ የመርጫውን አፍ ቀይሩ፣ 31 የሚለው 0.031 ኢንች ነው፣ ታንቆ የሚመለስ ከሆነ ወደ 35 ውጡ፣ ጥቁር ጭስ ለቆ የሚንደፋደፍ ከሆነ ወደ 28 ውረዱ።

በቫኪዩም የሚከፈት ሁለተኛ በርሜል ካላችሁ ቶሎ እየተከፈተም ሊሆን ይችላል፣ እሱ በስፕሪንግ ነው የሚስተካከለው፣ ነጩ በጣም ለስላሳ ነው፣ ጥቁሩ በጣም ጠንካራ።

ሆሊ ላይ ፓወር ቫልቩን ላውጣው የሚል ምክር ሰማሁ

ለመንገድ መኪና አታውጡት። ፓወር ቫልቭ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ብቻ ነዳጅ የሚጨምር ነው፣ ስታወጡት ያንን ነዳጅ በዋናው ጄት ከ6 እስከ 10 ቁጥር ጨምራችሁ ማካካስ አለባችሁ፣ ከዛ ረጋ ብላችሁ ስትነዱም ሁልጊዜ ሪች ነው። ቁጥሩን ብቻ አስተካክሉ፦ 6.5 የሚለው ቫኪዩም ከ6.5 ኢንች በታች ሲወርድ ይከፈታል ማለት ነው። ሚኒሞ ላይ 9 ኢንች የሚያሳይ ሞተር ከሆነ ግማሹን ወስዳችሁ 4.5 ግጠሙ፣ አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ነው የምትለኩት።

ኤደልብሮክስ?

ለጀማሪ በጣም ደስ የሚል ካርቡራተር ነው፣ ምክንያቱም የሜተሪንግ ዘንጎቹን (ዋናው ጄት ውስጥ እየወጡ እየወረዱ ነዳጁን የሚለኩትን) እና ስፕሪንጎቹን ካርቡራተሩን ሳትፈቱ፣ ነዳጅ ሳታፈሱ ከላይ መቀየር ትችላላችሁ። ዘንጉ ረጋ ያለውን አነዳድ እና ጭነቱን ለየብቻ እንድታስተካክሉ ያደርጋል።

ኤስዩ ጄት የለውም እንዴ?

አለው፣ ግን አንድ ጄት ነው፣ ውስጡ የምትወጣ የምትወርድ ሹል መርፌ አለች፣ የካርቡራተሩ ፒስተን (የሞተሩ አይደለም) አየሩን ተከትሎ ሲነሳ መርፌዋም ትነሳለች። ስለዚ ማስተካከያው የመርፌዋን ቅርፅ መምረጥ ነው። የሚኒሞውን ልክ ለማወቅ ፒስተኑን 0.8 ሚሊሜትር ያህል አንሱ፦ አርፒኤም ጨምሮ እዛው ከቀረ ሪች፣ ሊጠፋ ካለ ሊን፣ ትንሽ ጨምሮ ወዲያው ከተመለሰ ልክ ነው። ፒስተኑ ሳይያዝ በራሱ ክብደት "ጠቅ" ብሎ መውረዱን እና ላይ ያለው ዘይት መኖሩን ሳታዩ መርፌ አትግዙ፣ ዘይቱ ካለቀ ጋዝ ስትሰጡ ፒስተኑ ቶሎ ይዘልና ሊን ይሆናል።

ካንዴላ አይቼ ላስተካክል ወይስ ዋይድባንድ ያስፈልገኛል?

ዋይድባንድ (ጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ የአየርና ነዳጁን ልክ የሚያሳይ መለኪያ) ግዙ፣ ከማንኛውም ጄት ኪት በፊት። የአሁኑ ነዳጅ ካንዴላን እንደድሮው ቡኒ አያደርግም፣ ከለሩን ማንበብ ከባድ ነው። ካንዴላ ግን የትኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ እንደሚለይ ለማየት አሁንም የሚተካው የለም።

የአየር ለነዳጅ ቁጥሮቹ ለቤንዚን ባጭሩ፦ ሚኒሞ ላይ ከ13 እስከ 14 በ1፣ ረጋ ብሎ ሲሄድ ከ14 እስከ 15፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ከ12.5 እስከ 13። ይሄ ቱርቦ ለሌለው ሞተር ነው። ነዳጁ ውስጥ 10 በመቶ ኢታኖል ካለ የኬሚስትሪው ልክ ራሱ ከ14.7 ወደ 14.1 ስለሚወርድ ትንሽ ከፍ ያለ ጄት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴንሰሩ የሚለካው ኦክስጅን ነው፣ ነዳጅ አይደለም። ሞተሩ ሪች ከመሆኑ የተነሳ ሳይቃጠል ሲዘል ያልተቃጠለው ኦክስጅን በጭስ ማውጫው ይወጣና ጌጁ ሊን ነው ይላችኋል፣ እናንተ ደሞ ነዳጅ ትጨምራላችሁ፣ ይብሳል። ትልቅ ካም ሚኒሞ ላይ ይሄንን ሁልጊዜ ያደርጋል፣ ከሴንሰሩ በፊት የሚያፈስ ጋስኬትም እንዲሁ። ስለዚ ሚኒሞ ላይ ቫኪዩም ጌጁን እና ጆሯችሁን እመኑ፣ ጭነት ላይ ዋይድባንዱን እመኑ።

ከፍታ ቦታ ብሄድ ጄት መቀየር አለብኝ?

ብዙ ከወጣችሁ አዎ። በየ300 ሜትሩ አየሩ 3 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ይሄንን አውቆ ነዳጁን በዛው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚ ሪች ይሆናል። ሆሊ ላይ በየ600 ሜትሩ አንድ ቁጥር መቀነስ የተለመደ መነሻ ነው። ስትወርዱ መመለሱን እንዳትረሱ፣ ሊን ሆኖ ሙሉ ጋዝ መርገጥ ፒስተን ያቀልጣል፣ ሪች መሆን ግን ነዳጅ እና ካንዴላ ነው የሚያስወጣችሁ። ስትጠራጠሩ ወደ ሪች አጋድሉ።

ጄቱን በሽቦ ወይ በመሰርሰሪያ ባሰፋውስ?

አይሆንም። የጄት ፍሰት በቀዳዳው ስፋት ብቻ ሳይሆን በመግቢያው ቅርፅ እና በውስጡ ልስላሴ ነው የሚወሰነው፣ ከሰፋ በኋላ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው። በሽቦ መጥረግም ይቧጭረዋል፣ በማጽጃ ዘፍዝፉና በአየር ንፉት።

ዳይኖ ግድ ነው?

ዳይኖ መኪናው ቆሞ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን ነው፣ ሙሉ ጋዙን ለማስተካከል ከተቻለ በጣም ጥሩ ነው፣ መንገድ ላይ ከመሞከር አደጋው ያንሳል፣ ጭነቱንም በፈለጋችሁት ቦታ ትይዙታላችሁ። ግን ሚኒሞውን እና መሸጋገሪያውን እቤት ጨርሳችሁ ሂዱ፣ የዳይኖ ሰዓት ላይ ሚክስቸር ብሎን ማዞር ብክነት ነው። ባንዴ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ከመቀየራችሁ በፊት የነበረውን ቁጥር እና የአየሩን ሙቀት ደብተር ላይ ጻፉ። ቤት ውስጥ ስትሠሩ በሩን ክፈቱ፣ የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የእሳት ማጥፊያም ከእጃችሁ አይራቅ።

ሁሉን ትቼ ወደ ኢንጄክሽን ብቀይርስ?

በየጊዜው ከፍታ እና አየር የሚቀያየርበት ቦታ የምትነዱ ከሆነ ተገቢ ምርጫ ነው፣ ራሱ ያስተካክላል። ግን ሳይፈለግ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ እና ደካማ እሳት ያለበት ሞተር ላይ ኢንጄክሽን ብትጭኑም ችግሩ አብሮ ነው የሚሄደው።

ሲሞቅ አጥፍቼ ከ10 ደቂቃ በኋላ አልነሳ ይለኛል

የሞተሩ ሙቀት ወደ ካርቡራተሩ ወጥቶ ቦውሉ (የካርቡራተሩ የነዳጅ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለውን ነዳጅ እያፈላው ነው፣ ነዳጁ በራሱ ወደ ማኒፎልዱ ይፈስና ሞተሩ ይጥለቀለቃል። አጥፍታችሁ አየር ፊልተሩን አንሱና እዩ፣ ከመርጫዎቹ ጠብ ጠብ ካለ እሱ ነው። በካርቡራተሩ እና በማኒፎልዱ መሀል ሙቀት የማያሳልፍ ስፔሰር አስገቡ፣ የነዳጅ መስመሩን ከጭስ ማውጫው አርቁ፣ ግፊቱንም እንደገና ለኩ። እስከዛው ድረስ ስታስነሱ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ያዙት፣ አትምቱት፣ በመታችሁት ቁጥር ፓምፑ ተጨማሪ ነዳጅ ነው የሚረጨው።